ከረሜላዎቹ መታወቂያ ይዘው መጡ

ትናንት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሕልም አየሁ። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ቂሜን ልናገር። ቂሜ ካልተነገረ ሕልሙ አይገባም።

ሦስት ዓመት ሙሉ የያዝኩት ቂም ነው። ስሜን መጻፍ እያወቅሁ በጣቴ አስፈርመውኛል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ብዙ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ሳነብም ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ግን ተዋበች ማለት አራት ፊደል ነው፤ አራቱንም አሳምሬ እጽፋቸዋለሁ። የዚያን ቀን ለልጄ ለስንዱ መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄጄ ነበር። የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው፣ ሚዛኑ ላይ። እህል መዝኜ እቀበላለሁ፣ ዱቄት መዝኜ አስረክባለሁ። ከሥራ በቀጥታ ስለሄድኩ ቅንድቤ ሳይቀር ዱቄት ነበር። ጸሐፊው አቶ ሽብሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ምንም ሳይጠይቅ አውራ ጣቴን ያዘ። ሐምራዊ ቀለም ላይ አሽቶ ወረቀቱ ላይ አተመው።

«መጻፍ እችላለሁ እኮ» አልኩት።

«ይሄ ይበቃል፤ ወረፋ አለ» አለኝ፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ።

ይህንን ለጎረቤት፣ ለወፍጮ ቤት ደንበኛ፣ ለዕድር ሰው፣ ያልነገርኩት የለም። «ያ ሽብሩ የሚባል ሰው እንደ በግ ቀለም ቀባኝ» እያልኩ። ሰዉም ከንፈሩን ይመጥልኛል። ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበረ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። እኔም አልተናገርኩም።

አሁን ወደ ትናንት ልምጣ። ከልጄ ትምህርት ቤት ትይዩ የደጀኔ ሱቅ አለ። ከአምና ጀምሮ የድብ ቅርጽ ያለው ከረሜላ ይሸጣል፤ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሄምፕ ከሚሉት፣ የሐሺሽ ዘመድ ከሆነ ተክል ተጨምቆ የሚወጣ ነገር አለበት። ማሸጊያው ላይ ግን ቀይና አረንጓዴ ድቦች ጥርሳቸውን ከፍተው ይስቃሉ። የበላው ልጅም መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ይፈዛል፣ ከዚያ የሚሆነውን ትናንት በዓይኔ አየሁ። ከተማችን ደንብ አውጥታበታለች። ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም፤ ሻጩ መታወቂያ ማየት አለበት። ደጀኔ ደንቡን በትልቁ አጽፎ በሩ ላይ ለጥፏል። ከማሳሰቢያው ሥር ከረሜላውን አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ ደርድሯል፣ ልጅ እንዲያየው በልጅ ቁመት ልክ።

ትናንት ጠዋት ስንዱ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስኳ ላይ ተደፍታ ተገኘች። ዘበኛውና አንድ መምህር ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። እኔ ስደርስ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል፤ የሚያየኝ ግን አልነበረም። ስሟን ብጠራ፣ ጉንጯን ብመታ፣ አትሰማም። ሲስተር ወይንሸት የምትባል ነርስ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተከለችላት።

«ትነቃለች፣ እናት። ግን ከዚያ የድብ ከረሜላ ስንት ፍሬ እንደበላች አናውቅም። እየጠበቅን ነው» አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ።

እንዳልሰማ ሆንኩ። ተነሥቼ ወደ ደጀኔ ሱቅ ሮጥኩ።

«ደጀኔ! ለልጄ ምንድን ነው የሸጥክላት?»

«እትዬ ተዋበች፣ ቀስ በይ፤ ደንበኛ አለ።»

«ደንበኛህ ይስማ! ዩኒፎርም ለብሳ ፊትህ ስትቆም ዓይንህ የት ነበር?»

«እኔ የማየው መታወቂያ እንጂ ሹራብ አይደለም። ጠየቅኋት፣ አሳየችኝ። በቃ።»

«የማንን መታወቂያ?»

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ዞሬ ሄድኩ። መልሱን መስማት አልፈለግሁም።

ጤና ጣቢያ ስመለስ በዘጠኝ ሰዓት ፖሊስ መጥቶ ቃሌን እንደሚቀበል ነገሩኝ። ከስንዱ ክፍል በር ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ራሴን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ግሉኮሱ ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል። ጠብታውን እቆጥር ነበር።

ከዚያ ወፍጮ ቤት ነበርኩ።

ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ቺንጋው ይሮጣል፣ ድንጋዩ ይዞራል፤ ድምፅ ግን የለም። ሃያ ዓመት በዚያ ጩኸት ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝና ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ። አህዮቹ ጥላ ሥር እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ጆንያውን የተሸከሙት ባለቤቶቻቸው ናቸው፤ አጎንብሰው ዝንብ በጆሯቸው ሊያባርሩ ይሞክራሉ።

በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። የቆሙት የቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ ጸሐፊው፣ ማኅተም ያዡ፣ የመዝገብ ቤቱ፣ ሁሉም ክራቫት አስረው የወረፋ ቁጥር ይዘዋል። ከመሀላቸው አቶ ሽብሩን አየሁት። ጫማውን በእጁ ይዟል።

«እመቤቴ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቆሜያለሁ» አለኝ።

«ኮፒ አምጥተሃል?»

«የምን ኮፒ?»

«የፊትህን።»

«ፊቴን ራሱን ይዤ መጥቻለሁ እኮ።»

«ኮፒ ነው ያልኩህ። ነገ ና።»

«እመቤቴ፣ ነገ እኮ አልፏል።»

«እንግዲያው ሲመለስ ና።»

እንዲህ ስለው ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። አቶ ሽብሩ ግን አልተቆጣም። በሐዘን ዓይን እያየኝ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ። የሰልፉ መጨረሻ አይታይም ነበር።

ሚዛኔ ጋ ዘወር ስል አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች። እጇ ላይ የትምህርት ቤት ሹራብ እጅጌ አለ፤ ከሹራቡ ተቆርጦ ሁለቱም ጫፉ ታስሯል። ውስጡ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ዓመቶቼ ናቸው። መዝኚልኝ።»

ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። መርፌው አሥራ ሦስት ላይ ቆመ።

«አሥራ ዘጠኝ አድርጊልኝ» አለችኝ።

«ማን ላከሽ?»

«እናቴ።»

በሃያ ዓመት ሥራዬ የሰው እህል ላይ አንድ ግራም አታልዬ አላውቅም። ይህንን ከተማው ሁሉ ይመሰክርልኛል። እዚያ ግን እጄ ብቻውን ሄዶ አውራ ጣቴ ሚዛኑን ተጫነው። መርፌው ወጣ፤ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ዘጠኝ። ልጅቷ እጅጌውን ፈትታ በወፍጮው አፍ ገለበጠችው፤ ቀጥላ ራሷ ገባች። በታች በኩል በዱቄት መውረጃው ወጣች። ፀጉሯ ነጭ፣ ቅንድቧ ነጭ፣ ሽፋሽፍቷ ነጭ ነበር። ፊቷ ያው የልጅ ፊት ነው። ስትስቅ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ገና አልበቀሉም።

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ፣ በአሮጊት ድምፅ።

ከኋላዋ ሌላ ልጅ ነበረች። ከእሷም ኋላ ሌላ። ሁሉም እጅጌ ይዘዋል። እጫናለሁ፣ ይገባሉ፣ ነጥተው ይወጣሉ። ግቢው በነጫጭ ልጆች ሞላ፤ ምርኩዝ የሚሆን እንጨት እየፈለጉ መሬት መሬት ያያሉ። አውራ ጣቴን ሳየው ሐምራዊ ሆኗል።

አንደኛው አህያ ከጥላው ተነሣ። መነጽር አድርጓል፣ የደንብ አስከባሪ ቆብም ደፍቷል።

«ወይዘሮ ተዋበች፣ ሱቁ ተከፍቶ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«የምን ሱቅ?» አልኩት፤ ሳልጨርስ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ።

የደጀኔ ሱቅ ነበር፤ ደጀኔ ግን የለም። መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች አድገዋል፤ እያንዳንዳቸው የሰው ቁመት ያህላሉ። ውስጣቸው ልጆች ናቸው። እስከ አንገታቸው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልለው ተኝተዋል። ሲተነፍሱ መስታወቱ ይደበዝዛል፣ መልሶ ይጠራል፣ ይደበዝዛል። አንዳንዱን አወቅሁት፤ ይሄኛው የጫማ ሰፊው ልጅ ነው፣ ያቺ ከእኛ ግቢ ተከራይታ የነበረችው የአስካለ ልጅ ናት። ሁሉንም አልቆጠርኳቸውም። ፈራሁ።

ደጁ ላይ ከረሜላዎቹ ተሰልፈዋል። የብዙዎቹ ቁመት እኔን ያህላል፤ ድብ ናቸው፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። በሆዳቸው ውስጥ አሳልፎ መንገዱ ይታያል፤ ሰው ሲያልፍ ቀይ ሆኖ ይገባና ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ሲራመዱ እግራቸው ወለሉ ላይ እየተጣበቀ ይላቀቃል። እንደ እንጆሪ ይሸታሉ። ማንም አይጋፋም፣ ማንም አይጮኽም። እንደነሱ ያለ ጨዋ ሰልፍ አይቼ አላውቅም።

አህያው በሩ ላይ የተለጠፈውን ማሳሰቢያ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ከረሜላ ልጅ አይሸጥም! ሻጭ መታወቂያ የማየት ግዴታ አለባት!»

መጀመሪያ የመጣው ትንሽ ቢጫ ነበር። ባንኮኒው ላይ አገጩ ብቻ ይደርሳል።

«አንድ ልጅ ስጪኝ» አለኝ።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«እ... ሃያ አንድ።»

«መታወቂያ?»

«ቤት ረስቼው ነው፣ እትዬ። ታውቂኝ የለ እንዴ! የሰፈር ልጅ አይደለሁም?»

«ባውቅህም ባላውቅህም። ገና ትናንት ከቅርጽህ ወጥተህ! ውጣ!»

እያለቀሰ ወጣ። እንባው ስኳር ነበር፤ ጉንዳን ተከተለው። ሰልፉ ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ሻጭ ናት፣ ሕግ ታከብራለች» ሲሉ ሰማሁ። ደረቴን ነፋሁ። አንዱን መለስኩ፣ ሌላውን መለስኩ። አንዱ የአባቱን መታወቂያ ይዞ መጥቶ አባረርኩት። ከጠርሙሶቹ አንዱም አልተነካም። «ደጀኔ መጥቶ ቢያይ! እንዲህ ነው እንጂ!» አልኩ ለራሴ።

ከዚያ አንድ ረጅም አረንጓዴ ድብ መጣ። ሌሎቹ መንገድ ለቀቁለት። መታወቂያውን ባንኮኒው ላይ አኖረ። ፕላስቲክ የለበሰ ነው፣ ጠርዙ ተነሥቷል። ያንን ጠርዝ አውቀዋለሁ። ሳጥኔ ውስጥ ከልብስ ሥር ሦስት ዓመት የተቀመጠ ነው።

ፎቶው ላይ ያለችው ስንዱ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ወደ ላይ ተይዟል። የጆሮ ጌጡ የእኔ ነው። ሊፕስቲኩን ከጎረቤት ተውሼ ራሴ ነኝ የቀባኋት፤ «አትሳቂ፣ ስትስቂ ልጅ ትመስያለሽ» ብዬ። አረብ አገር የሚልክ ደላላ «አሥራ ዘጠኝ ካልሆነች አይሆንም» ስላለኝ ነበር። ቁመቷም ያግዛል፣ ረጅም ናት። ሻንጣ ሁሉ ተገዝቶላት ነበር። በኋላ ደላላው ጠፋ፣ መንገዱም ተዘጋ፣ ልጄ ቀረች። መታወቂያውም ቀረ። በወረቀቱ ላይ ዕድሜዋ እየሄደ አሁን ሃያ ሁለት ደርሷል። ከፎቶው ሥር ሐምራዊ አውራ ጣት አለ። የእኔ።

«ይሄ የልጄ ነው» አልኩት።

«የእኔ ነው» አለ ድቡ፣ በለሆሳስ። «እሷ ሰጠችኝ። ለእሷ ደግሞ አንቺ ሰጠሻት።»

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ያቺን» አለኝ፣ ወደ ላይኛው መደርደሪያ እያየ።

ቀና ስል ስንዱ ጠርሙስ ውስጥ ናት። የሰማያዊ ሹራቧ አንገት በወረቀቱ ላይ ወጣ ብሎ ይታያል። ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል። ትንፋሿ መስታወቱ ላይ የሚሠራው ክብ የሲኒ አፍ ያህላል።

«እሷ አትሸጥም።»

«የትኛው ሕግ ይከለክላል?»

አህያው መነጽሩን አስተካክሎ መታወቂያውን አሸተተ። «የገዢው ዕድሜ ተሟልቷል» አለ። «የልጅቷም ዕድሜ ተሟልቷል። ሁለታቸውም በአንድ መታወቂያ ተሟልተዋል። ንጹሕ ሥራ ነው።»

«ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

 ጠርሙሶቹ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ። ከስንዱ በስተቀር።

«ታዲያ ሃያ ሁለት ያለው ማነው?» አለ አህያው።

«ሽብሩ ነው! ጣቴን ጎትቶ ያስፈረመኝ ሽብሩ ነው!»

አቶ ሽብሩ ጫማውን በእጁ እንደያዘ በር ላይ ቆሟል። «እመቤቴ፣ ጣትሽን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለኝ፤ «ይቅር በይኝ። ዕድሜውን ግን የነገርሽኝን ነው የጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ። ሁለት ጊዜ አሥራ ዘጠኝ አልሽኝ።»

ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር። ያንን ረስቼው ነበር። ሦስት ዓመት ስለ ጣቴ ሳወራ ያንን ረስቼው ነበር።

መስታወቱ ላይ ያለው ክብ የሎሚ ያህል ሆነ።

ባንኮኒው ዴስክ ሆነ። የተቀመጥኩት ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ትምህርት ያቋረጥኩበት ክፍል። ጉልበቴ አገጬን ይነካል። ስንዱ ያለችበት ጠርሙስ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ አረንጓዴው ድብ ክዳኑን ይዞ ይጠብቃል። አህያው ጥቁር ሰሌዳው ጋ ነው።

«የልጅቷን እውነተኛ ዕድሜ የምታውቅ ሰው ትጻፍ» አለ። «ካልተጻፈ ሽያጩ ይጸናል።»

አቶ ሽብሩ ፊቴ ተንበርክኮ እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። «ይኸው፣ ጻፊ። ለሦስት ዓመት መጻፍ እችላለሁ ስትዪ ነበር። እባክሽ እመቤቴ፣ ጻፊ።»

እዚህ ላይ ነው የራሴን ነገር የፈራሁት። እስክሪብቶውን ገፋሁት። «አልችልም» አልኩ። «ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ጣቴን ውሰዱ።» እኔ ነኝ ይህንን ያልኩት! ጣት ከሆነ ሌላ ሰው ይዞ ያትመዋል፤ «አስፈረሙኝ» ይባላል። የጻፉትን ግን ማን አስጻፈኝ ይባላል? አውራ ጣቴን ዘረጋሁ። ዱባ አክሏል፣ ጠቁሯል፣ ከሌላው እጄ ይከብዳል። የሚይዘው ሰው ግን ጠፋ። ሽብሩ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እምቢ አለ።

ክቡ የጥፍር ያህል ሆነ።

ያን ጊዜ ስንዱ ተንቀሳቀሰች። ፀጉሯ በዱቄት ነጭ ነበር፣ ቅንድቧም። አንድ ጣቷን ከወረቀቱ ውስጥ በግድ አወጣች። መስታወቱ ላይ ኡፍ አለችና በተነፈሰችበት ላይ ቁጥር ጻፈች። አሥራ ስድስት። ከውስጥ በኩል ስለሆነ ግን ለእኛ ተገልብጦ ታየ፤ ስድስቱ ቀድሞ፣ አንዱ ተከትሎ።

አህያው ጠጋ ብሎ አነበበ። «ስልሳ አንድ። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከበቂም በላይ ነው።»

ከረሜላዎቹ አጨበጨቡ። መዳፋቸው እየተጣበቀ ይላቀቃል። ድቡ ክዳኑን ከፈተ፣ እጁን አስገብቶ ወረቀቱን ከልጄ ላይ ሊፈታ ጀመረ፤ ክርክር፣ ክርክር ይላል ወረቀቱ።

«እማዬ» አለችኝ ስንዱ። «ስንት ዓመቴ ነው?»

አፌን ልከፍት አልኩ። ላይኛውና ታችኛው ጥርሴ በከረሜላ ተጣብቋል። ወረቀቱ ደረቷ ላይ ደረሰ። ጮኽኩ፤ ያን ጊዜ ተይዞ የነበረው የወፍጮው ድምፅ ሁሉ፣ የሃያ ዓመቱ፣ አንድ ላይ መጣ።

ወረቀቱ አሁንም ክርክር ይላል።

ዓይኔን ስገልጥ ፖሊሱ ፊቴ ቆሞ የታጠፈ ቅጽ ይዘረጋል። ወጣት ነው። ከጎኑ ደጀኔ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ነቁ እናት? እንግዲህ ቶሎ እንጨርሳለን» አለኝ ፖሊሱ። እጁ ላይ ያ መታወቂያ አለ፤ ጠርዙ የተነሣው። «ከቦርሳዋ አገኘነው። ሃያ ሁለት ዓመት ይላል። ስለዚህ ሻጩ ደንቡን ጠብቋል ማለት ነው። አዋቂ ሰው ናት፣ በገዛ ፈቃዷ ገዝታ በላች። እንዳይደክሙ ብለን ቃልዎን አስቀድመን ጽፈነዋል። ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ በማንም ላይ ክስ የለኝም ይላል፤ ይሄው ነው።»

«እኔም አልቀየምኩሽም፣ እትዬ» አለ ደጀኔ። «ደንበኛ ፊት ብትሰድቢኝም።»

ፖሊሱ ነጠላዬ ላይ ያለውን ዱቄት አየ። ከዚያ ከቦርሳው ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አወጣ። ሲከፍተው ሐምራዊ ነበር።

«አውራ ጣትዎን» አለኝ፤ ሳልሰጠው ያዘኝ።

ሳቅ መጣብኝ። እውነቴን ነው። ጣቴን ቀለሙ ላይ አሸና ወደ ወረቀቱ ወሰደው፤ አንድ ስንዝር ሲቀር ከተገረበበው በር ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማዬ... ስንተኛ ክፍለ ጊዜ ነው?»

ፖሊሱ ቆመ። ሲስተር ወይንሸት ከውስጥ «ነቃች! እናት፣ ነቃች!» አለች። ስንዱ ደግሞ፣ ምላሷ እየተሳሰረ፣ «ሒሳብ አለፈኝ እንዴ?» አለች።

እጄን መነጨቅሁ።

«አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው» አልኩት።

«እናት፣ መታወቂያው...»

«መታወቂያው ውሸት ነው። የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ወፍጮ ቤታችን አዲሱን ሞተር ያስገባ ዓመት ነው የወለድኳት፤ ዓመቱ ሞተሩ ላይ አለ፣ ሄደህ እይ።»

«እትዬ፣ ኧረ ራስሽን ነው የምታሳስሪው!» አለ ደጀኔ።

«አንተ ዝም በል። ዩኒፎርሟን እያየህ ነው የሸጥክላት፤ እሱም ይጻፋል።»

ፖሊሱ አንዴ መታወቂያውን፣ አንዴ እኔን አየ። «ለቀበሌ የሐሰት ቃል መስጠት እኮ ያስጠይቃል። ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ከዚህ ቀጥሎ ቀበሌ እንሄዳለን፣ እዚያም እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ልጄን አያለሁ። አሁን ያንን የጻፍከውን ቅደድና ባዶ ወረቀት ስጠኝ። እስክሪብቶም።»

«መጻፍ ይችላሉ?»

 አግዳሚው ፊት ተንበርክኬ፣ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ዘርግቼ ጻፍኩ። ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ፣ ፊደል በፊደል። ልጄ ስንዱ 16 ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት 19 ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። የነካሁት ሁሉ ሐምራዊ ሆነ፣ ወረቀቱም፣ እስክሪብቶውም። ፖሊሱ ከራሴ በላይ ጎንበስ ብሎ ያነባል። ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። አልቸኮልኩም።

«ጨረሱ?» ብሎ እጁን ወደ ወረቀቱ ሰደደ።

«ቆይ» አልኩት። «ስሜ ቀረኝ።»